መጀመሪያ መንገዱን ምረጡ፣ ፕሮጀክቱ ይደርሳል

ደሴ ላይ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፤ ቀድሞ የሚሞተው ዋይፋዩ ነው። ያኔ ጊት ክሎን (ጊት በሚባለው የኮድ ማስተዳደሪያ የአንድን ፕሮጀክት ኮድ ከነለውጥ ታሪኩ የሚያወርደው ትእዛዝ) 87 ፐርሰንት ደርሶ ከነበረ የወረደው ሁሉ ከንቱ ቀረ ማለት ነው። ጊት ክሎን እንደ ፊልም ማውረድ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ሲቋረጥ የጀመረውን ፎልደር ራሱ ያጠፋና ቀጥሎ ከዜሮ ይነሳል። እኔ ይህን የተማርኩት ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ (ኦፕን ሶርስ) ፕሮጀክት ላይ ሥራ ላዋጣ ብዬ የሊኑክስን ከርነል፣ የሥርዓቱን እምብርት፣ ሳወርድ ነው። ሙሉ ታሪኩ በርካታ ጊጋባይት ነው፤ ሦስት ጊዜ ጀመርኩት፣ ሦስቴም አልደረስኩም፣ ፓኬጁ ግን አለቀ።

ቆይቶ ሲገባኝ ጥፋቱ የኔትወርኩ ብቻ አልነበረም። በስም መምረጤ ነበር። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ታዋቂ ፕሮጀክት ይመርጣል፣ ኮዱን ለማውረድ ይታገላል፣ በስተመጨረሻ ሥራውን ሊልክ ሲል ፕሮጀክቱ ሥራ የሚቀበልበት መንገድ ጨርሶ የማያውቀው ይሆንበታል። የእያንዳንዱን ፕሮጀክት አሠራር ባለቤቶቹ ከእናንተ በፊት ወስነው ጨርሰዋል፤ ድርድር የለውም። እናንተ የምትወስኑት ለኑሯችሁ የሚስማማው መንገድ የትኛው እንደሆነ ነው። ከዚያ በኋላ በዚያው መንገድ የሚሄድ ፕሮጀክት ትፈልጋላችሁ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎ መንገድ በጉም ወርዶ የማያውቅ ሹፌር መኪናው አዲስ ስለሆነ ብቻ አይደፍረውም።

ስለዚህ ኮድ ከማውረዳችሁ በፊት ለራሳችሁ መልሱ፦ በቀን ስንት ሰዓት አስተማማኝ መስመር አለኝ? ላፕቶፕ አለኝ ወይስ ስልክ ብቻ? የምችለው ኮድ ነው ወይስ ጥሩ አማርኛ? መልሱን ይዛችሁ የፕሮጀክቱን «ኮንትሪቢዩቲንግ» የሚል ፋይል ክፈቱ። ሥራ የሚቀበሉት በፑል ሪኩዌስት (ለውጤን ተቀበሉኝ ተብሎ ድረ ገጽ ላይ በሚቀርብ ጥያቄ)፣ በጌሪት (ለውጥ በሚመረመርበት ሌላ መድረክ) ወይም በኢሜይል እንደሆነ እዚያ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ቀጥሎ የተዘጉትን ፑል ሪኩዌስቶች ተመልከቱ። የፕሮጀክቱ አባል ካልሆኑ ሰዎች የመጡትን የመጨረሻዎቹን አሥር ያህል ለዩና የመጀመሪያ መልስ በስንት ቀን እንዳገኙ ቁጠሩ። ብዙዎቹ መልስ ሳያገኙ ወራት ካስቆጠሩ፣ ፕሮጀክቱ የቱንም ያህል ቢያምር እለፉት። ይህን ለማየት አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ አለማየት ግን አንድ ክረምት ሊያስበላ ይችላል።

ትልቅ ፕሮጀክት የግድ ካስፈለጋችሁ ብልሃት አለው። ጊት ክሎን ላይ «ዴፕዝ 1» የሚለውን አማራጭ ጨምሩ፤ የመጨረሻውን ኮሚት (ጊት ላይ በአንድ ጊዜ የተመዘገበ ለውጥ) ብቻ ያወርዳል። ታሪኩ ሲያስፈልግ ጊት ፈች (የጎደለውን የሚያመጣው ትእዛዝ) ላይ «ዲፕን 200» እያላችሁ ቁራጭ በቁራጭ ትጨምራላችሁ፤ መብራት ቢሄድ የምትጠፋው አንዷ ቁራጭ ብቻ ናት። «ፊልተር ብሎብ ነን» የሚባለውን አማራጭ የሚያሞግሱት ብዙ ናቸው፤ ለእኛ ግን አልመክረውም። የቆዩትን ፋይሎች የሚያመጣው በተፈለጉበት ሰዓት ነው፤ መስመር በሌለበት የድሮ ኮሚት ልትከፍቱ ስትሉ ቀጥ ይላል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ፍላሽ ነው። አንድ ሰው ጥሩ መስመር ያለበት ቦታ፣ ኮምቦልቻም ይሁን አዲስ አበባ፣ ሙሉውን ያውርድና «ጊት በንድል ክሪኤት» በሚለው ትእዛዝ «ኦል» የሚለውን ጨምሮ አንድ ፋይል ያድርገው። ሌላው ከፍላሹ ላይ በተለመደው ጊት ክሎን ይከፍተዋል። ከዚያ «ጊት ሪሞት ሴት ዩአርኤል» ብሎ ኦሪጅንን (ኮዱ የመጣበት ተብሎ የተመዘገበውን አድራሻ) ወደ እውነተኛው አድራሻ ያዞራል፤ ቀጣዩ ፈች ልዩነቱን ብቻ ነው የሚያመጣ። ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው በንድሉ በዴፕዝ 1 ከወረደ ኮፒ ላይ ሲሠራ ነው፤ ታሪኩ ጎዶሎ ስለሆነ ሌላው ጋ ደርሶ እንቢ ይላል። ሁለተኛው ፍላሹ ፋት 32 ሲሆን ነው፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት።

ስልክ ብቻ ያለው ሰው ቀረ ማለት አይደለም። ብዙ ፕሮጀክቶች ኮዳቸውን በሚያስቀምጡበት በጊትሃብ ድረ ገጽ ላይ ፋይሉን ከፍታችሁ የእርሳሷን ምልክት ስትነኩ ፎርኩን (የፕሮጀክቱን የራሳችሁ ቅጂ) ራሱ ይሠራላችኋል፤ አስተካክላችሁ ፑል ሪኩዌስት መክፈት ነው። ለሰነድ ስህተትና ለተሰበረ ሊንክ ይበቃል። ሪድሚ (የፕሮጀክቱ መግቢያ ፋይል) ላይ «አሪፍ ፕሮጀክት ነው» የምትል መስመር ጨምሮ መላክ ግን ሥራ አይባልም፤ በ2020 በፈረንጅ ሃክቶበርፌስት በሚባለው ዓመታዊ የኦፕን ሶርስ ዘመቻ ቲሸርት ለማግኘት እንዲህ ያለው ተግተልትሎ ሜንቴነሮቹን (የፕሮጀክቶቹን ኃላፊዎች) ስላማረራቸው፣ ዘመቻው የሚመለከተው ፈቃደኛ የሆኑ ፕሮጀክቶችን ብቻ እንዲሆን ሕጉ ተቀየረ።

ለአማርኛ ተናጋሪ የመጀመሪያ በር ትርጉም ነው ባይ ነኝ። የቢሮ ፕሮግራሙ ሊብሬ ኦፊስና ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ፌዶራ፣ ዌብሌት በሚባል መድረክ ይተረጎማሉ፤ ዊኪፔዲያ የሚሠራበት ሚዲያዊኪ ደግሞ በትራንስሌትዊኪ። ጊት ማወቅ አያስፈልግም፣ መስመሩ ቢቋረጥም የምታጡት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ቀላል ነው ማለቴ ግን አይደለም።

አንድ መስኮት «ይህ ፋይል ይጥፋ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከታች ሁለት በተን አለ። የእንግሊዝኛዎቹ ዲሊትና ካንስል ናቸው። አንዱን ተርጓሚ በመጋቢት፣ ሌላውን ሌላ ሰው በሐምሌ ተረጎመው፤ ሁለቱም «ሰርዝ» አሉት። ተጠቃሚው ሁለት «ሰርዝ» ፊት ለፊቱ ተደርድሮ የትኛውን ይንካ? ዲሊትን «ይጥፋ»፣ ካንስልን «ይቅር» ብትሉት ነገሩ ይለያል። ደግሞም «ሰርዝ» ወንድ ነው የሚያዘው፤ «ይጥፋ» እና «ይቅር» ለእሷም ለእሱም ይሆናሉ። ብቻ ከመጀመራችሁ በፊት የፕሮጀክቱን የቃላት መፍቻ ተመልከቱ፤ ቀድሞ የተወሰነ ቃል ካለ ባትወዱትም በእሱ ሂዱ። ግማሹ በእናንተ፣ ግማሹ በሌላው ቃል ከሆነ ከሁለቱም የባሰ ነው።

ቦታ ያዦቹ ሌላ ጉድ ናቸው። በፐርሰንት ምልክትና በዲ ፊደል የሚጻፉት ማለቴ ነው፤ ፕሮግራሙ በቦታቸው ቁጥር ያስገባል። እንግሊዝኛው መጀመሪያ የገጹን ቁጥር፣ ቀጥሎ ጠቅላላውን ይላል። በአማርኛ ወግ «ከ10 ገጽ 3ኛው» ነው፤ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። ቦታ ያዦቹን ዝም ብላችሁ ካስቀመጣችኋቸው ተጠቃሚው የሚያነበው «ከ3 ገጽ 10ኛው» ነው። ፕሮግራሙ ከፈቀደ ከፐርሰንቱ ቀጥሎ ተራ ቁጥርና የዶላር ምልክት አስገቡ፤ የትኛው ቁጥር የት እንደሚገባ ያን ጊዜ ያውቃል። ብዙ ቁጥርንም እንዲሁ ከእንግሊዝኛው አትቅዱ። በዩኒኮድ (የፊደላትና የቋንቋዎች የኮምፒውተር መስፈርት) ደንብ ለአማርኛ ዜሮም አንድም ነጠላ ናቸው፤ ብዙ የሚባለው ከአንድ ሲበልጥ ነው። የትርጉም ፋይሉ ራስጌ ላይ የእንግሊዝኛው ቀመር ከተለጠፈ ዜሮ ወደ ብዙው ይሄዳል።

አራት ነጥብን በሁለት ኮለን መጻፍም ተዉ። በዓይን ይመሳሰላሉ፤ ለኮምፒውተሩ ግን አራት ነጥብ አንድ ምልክት ነው፣ ሁለቱ ኮለኖች ሁለት። ጠባብ ስክሪን ላይ ተለያይተው አንዱ ወደ ታችኛው መስመር ሲወርድ አይታችሁ ይሆናል።

ከትርጉም ወደ ኮድ ስትሻገሩ የምታገኙት ፎርክና ፑል ሪኩዌስት ነው። ብዙው ፕሮጀክት በዚህ ይሄዳል፤ ጊትሃብ ላይም ሆነ ዴቢያንና ግኖም በራሳቸው ሰርቨር ላይ በሚያስተዳድሩት ጊትላብ አካሄዱ ያው ነው፣ ጊትላብ ስሙን መርጅ ሪኩዌስት ይለዋል እንጂ። ጀማሪ የሚወድቀው ግን ኮዱ ላይ ሳይሆን በሩ ላይ ነው። ጊትሃብ ከነሐሴ 2021 በፈረንጅ ወዲህ ከተርሚናል (ትእዛዝ ከሚጻፍበት መስኮት) ፑሽ ሲደረግ፣ ማለትም ሥራ ወደ ሰርቨሩ ሲገፋ፣ የይለፍ ቃል አይቀበልም፤ ትክክለኛውን ቃል አሥር ጊዜ ብትጽፉም መልሱ ያው ነው። ወይ ቶክን (ጊትሃብ የሚያወጣላችሁ ረጅም ኮድ)፣ ወይ ኤስኤስኤች ቁልፍ (ኮምፒውተራችሁን የሚያሳውቅ የቁልፍ ፋይል) ያስፈልጋል። ቁልፉን አውጥታችሁም ግንኙነቱ ተንጠልጥሎ ከቀረ የካምፓሱ ወይም የቢሮው ኔትወርክ ኤስኤስኤች የሚያልፍበትን በር፣ ፖርት 22ን፣ ዘግቶት ሊሆን ይችላል፤ ጊትሃብ በፖርት 443 የሚቀበልበት ሌላ የኤስኤስኤች አድራሻ አለው፣ ኮንፊግ ፋይላችሁ ላይ እሱን አስገቡ። ከይለፍ ቃሉ ሌላ የሚጠየቀውን ሁለተኛውን ማረጋገጫ በስልክ አፕ አድርጉት። ሲከፈት የሚሰጧችሁን የመመለሻ ኮዶች ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ ከስልኩ ሌላ ቦታ አኑሯቸው። ስልኩ ሲጠፋ አካውንቱም አብሮ የሄደባቸው ብዙ ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፕሮጀክቱን ፎርክ ታደርጋላችሁ፤ የራሳችሁን ፎርክ ክሎን ታደርጋላችሁ፤ እሱ ኦሪጅን ይባላል። ዋናውን ፕሮጀክት «አፕስትሪም» በሚል ስም ሪሞት (የሰርቨር አድራሻ) አድርጋችሁ ትጨምራላችሁ። ከዚያ ጊት ፈች አፕስትሪም፣ ቀጥሎ «ጊት ስዊች» ከ«ሲ» ጋር ብላችሁ ከአፕስትሪም ሜይን (ከዋናው መስመር) ላይ አዲስ ብራንች (ለብቻ የሚሠራበት ቅርንጫፍ) ትከፍታላችሁ። የመጨረሻዋ እርምጃ ናት የምትዘለለው። ፎርካችሁ ሜይን ላይ በቀጥታ ከሠራችሁ የመጀመሪያው ፑል ሪኩዌስት ያልፋል። ሁለተኛውን ስትከፍቱ የመጀመሪያው ሥራ አብሮ ይመጣል፣ ለማስተካከል መርጅ ስታደርጉ (ሁለቱን ስታዋህዱ) የመርጅ ኮሚት ይጨመርበታል፣ ሪቪወሩ (ሥራችሁን የሚመረምረው ሰው) አንድ መስመር ሊያይ ገብቶ ዘጠኝ ኮሚት ያገኛል። ለአንድ ሥራ አንድ ብራንች፤ ሜይንን ከአፕስትሪም ለማደስ ካልሆነ አትንኩት።

ሪቪወሩ «በመጨረሻው ሜይን ላይ ሪቤዝ አድርግ» (ሥራህን አዲሱ ሜይን ላይ መልሰህ አሳርፍ) ሲል የሚደነግጥ ብዙ ነው። አብሽሩ። ጊት ፈች አፕስትሪም፣ ጊት ሪቤዝ አፕስትሪም ሜይን፤ ግጭት ካለ ፋይሉን አስተካክላችሁ ጊት አድ፣ ከዚያ ጊት ሪቤዝ «ኮንቲኒው»። ከተምታታባችሁ «አቦርት» ብትሉት እንደነበረ ይመለሳል፣ የሚጠፋ ነገር የለም። ስትገፉት «ፎርስ ዊዝ ሊዝ» በሉ እንጂ ባዶውን ፎርስ አትጠቀሙ፤ የመጀመሪያው እናንተ ያላያችሁት ኮሚት እዚያ ካለ ይቆማል፣ ሁለተኛው ጠርምሶት ያልፋል። አዲስ ፑል ሪኩዌስት አትክፈቱ፤ ያው ብራንች ላይ ስትገፉ የተከፈተው ራሱ ይታደሳል።

ሳትልኩ ደግሞ «ጊት ዲፍ ስታት» ብላችሁ እዩ። አንድ ቃል አስተካክላችሁ 1,140 መስመር ተቀየረ የሚል ከወጣ፣ ወይ ኤዲተሩ ፋይሉን ሴቭ ሲያደርግ በራሱ ወግ አሰልፎታል፣ ወይ ዊንዶውስ የመስመር መጨረሻውን ለውጦታል። ለመጀመሪያው «ፎርማት ኦን ሴቭ» የሚለውን ለዚያ ፕሮጀክት አጥፉ፤ ለሁለተኛው የጊትን «አውቶ ሲአርኤልኤፍ» ቅንብር «ትሩ» አድርጉ። እንዲህ ያለ ፑል ሪኩዌስት ሲመጣ ሪቪወሩ አያነበውም፤ እኔም አላነብም።

ከላካችሁ በኋላ ኮዱን በራሱ የሚፈትነው የፍተሻው ምልክት ቢጫ ሆኖ ከቆየ የእናንተ ስህተት አይደለም። ብዙ ፕሮጀክት ላይ የአዲስ ሰው ፍተሻ ሜንቴነር ካልፈቀደለት አይነሳም። አስተያየቱ ሲመጣ አጭርና ደረቅ ነው፤ ሰላምታም የለውም። ቁጣ አይምሰላችሁ፣ የአጻጻፍ ልማዳቸው ነው። «ኒት» ብሎ የሚጀምር ከሆነ «ትንሽ ነገር ናት፣ ብታስተካክላት ጥሩ» ማለት ነው።

ጌሪትን ቶሎ ልለፈው። አንድሮይድ፣ ሊብሬ ኦፊስና ሚዲያዊኪ ኮዳቸውን በእሱ ይቀበላሉ። እዚያ አንድ ሥራ አንድ ኮሚት ነው፤ አስተያየት ሲሰጣችሁ ሁለተኛ ኮሚት አትጨምሩም፣ የመጀመሪያውን በ«አሜንድ» ታድሳላችሁ። የሚያገናኛቸው ኮሚት መልእክቱ ግርጌ ያለው «ቼንጅ አይዲ» ነው። እሱን የሚያስገባውን ሁክ (ኮሚት ሲደረግ በራሱ የሚሮጥ ስክሪፕት) ሳትጭኑ ከላካችሁ ይመልሰዋል፤ ያለውን ካጠፋችሁትና አዲስ ከተተካ እንደ ሌላ ሥራ ይቆጥረዋል። የፑል ሪኩዌስት ልማድ ለያዘው ሰው ሳምንት ያህል ያስቸግራል፣ ከዚያ ይለመዳል።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ኢሜይል ነው። የሊኑክስ ከርነል፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስና ጊት ራሱ ሥራ የሚቀበሉት በኢሜይል ነው፤ ጀማሪ ሲያየው ያረጀ ይመስለዋል። መስመሩ በሚቆራረጥበት ከተማ ግን ከዚህ የሚስማማ የለም። ማታ መብራት በሌለበት ኮሚት ታደርጋላችሁ፣ «ጊት ፎርማት ፓች» ብላችሁ ፓቹን (የለውጡን ጽሑፍ) ፋይል ታደርጉታላችሁ። ጠዋት ፒያሳ ስትወጡ ወይም መስመሩ ሲመጣ «ጊት ሴንድ ኢሜይል» ትላላችሁ፤ ጥቂት ኪሎባይት ነው፣ በስልክ ሆትስፖትም በቀላሉ ይሄዳል። መልሱም ኢሜይል ስለሆነ ወርዶ ይቀመጥና መስመር በሌለበት ይነበባል።

ግን ይህ መንገድ ስህተትን አይደብቅም፤ የላካችሁት ሁሉ መዝገብ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩት፣ ከዚያ የደረሰውን «ጊት ኤኤም» ብላችሁ ንጹሕ ኮፒ ላይ ሞክሩት። ካለምንም ቅሬታ ከገባ ለሌላውም ይገባል። ጂሜይል ድረ ገጽ ላይ ገልብጣችሁ አትለጥፉ፤ ታቡን ወደ ባዶ ቦታ ይቀይራል፣ ረጅም መስመር ይሰብራል፣ ፓቹ አይገባም። የከርነሉ የኢሜይል ዝርዝሮች (መልእክቱን ለአባላቱ ሁሉ የሚያደርሱት አድራሻዎች) ደግሞ ኤችቲኤምኤል ያለበትን ኢሜይል ጭራሽ አይቀበሉም። በጂሜይል በኩል የምትልኩ ከሆነ ሁለተኛውን ማረጋገጫ ከፍታችሁ «አፕ ፓስዎርድ» የሚባለውን አውጡ፤ ተራው የይለፍ ቃል አይሠራም።

ከርነሉ ላይ ከመላካችሁ በፊት «ቼክፓች» የሚለውን ስክሪፕት በፓቹ ላይ አስኪዱ፤ «ጌት ሜንቴነር» የሚለው ደግሞ ለማን እንደሚላክ ይነግራችኋል። የኮሚቱ ርዕስ ከ50 ፊደል ብዙ አይለፍ፣ ቀጥሎ ባዶ መስመር፣ ከዚያ ምን እንደተቀየረ ሳይሆን ለምን እንደተቀየረ የሚያስረዳ ጽሑፍ በ72 ፊደል እየተሰበረ። ኮሚት ስታደርጉ የ«ኤስ» አማራጭን ከጨመራችሁ ግርጌው ላይ «ሳይንድ ኦፍ ባይ» ከነስማችሁ ይገባል። ይህ ጌጥ አይደለም፤ ሥራው የራሴ ነው ወይም የማስተላለፍ መብት አለኝ የሚል ፊርማ ነው። የእናንተና የአባታችሁ ስም ይበቃል፤ ማንነታችሁን ደብቃችሁ መላክ ግን አይሆንም። የታረመውን ስትልኩ ስሪት 2 በሉት፣ ከፊተኛው የተለወጠውን ፓቹ ላይ ካሉት ሦስት ሰረዞች በታች ጻፉት፤ እዚያ የተጻፈ ኮሚቱ ውስጥ አይገባም። ስትመልሱም ከጥያቄው ሥር ሥር እየገባችሁ መልሱ እንጂ መልሱን ሁሉ ከላይ አትከምሩት።

መልስ ካልመጣ አንድ ሳምንት ጠብቁ፤ የከርነሉ ሰነድ ራሱ ከዚያ በፊት አትነካኩ ይላል። ከዚያ አንዲት አጭር ማስታወሻ። በየቀኑ የሚጎተጉት ሰው ሥራው ጥሩ ቢሆንም ወደ ኋላ ሲገፋ አይቻለሁ።

የመጨረሻው የእኛ ሰፈር ችግር ነው። ሪቪው ላይ ሳላችሁ መስመር ለቀናት ሊጠፋ ይችላል። እንደሚጠፋ ካወቃችሁ አስቀድማችሁ፣ ካላወቃችሁ ሲመለስ «ኢንተርኔት አልነበረኝም፣ ሐሙስ አስተካክላለሁ» ብላችሁ ጻፉ፤ ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም፣ ቀኑን ማክበር ነው። አንዳንድ ፕሮጀክት ዝም ያለ ፑል ሪኩዌስት የሚዘጋ ቦት አለው። ተመልሳችሁ ስትመጡ ተዘግቶ ካገኛችሁት ብራንቹን በችኮላ ፎርስ አድርጋችሁ አትግፉት፤ ተዘግቶ ሳለ በፎርስ ከተገፋበት ጊትሃብ መልሶ መክፈቻውን ይነሳችኋል። መጀመሪያ ክፈቱት፤ መብቱ ከሌላችሁ ሜንቴነሩን እንዲከፍተው ጠይቁ። ሪቤዙና ፑሹ ከዚያ በኋላ ነው።